የኡሬዲያ የገና ድስት

ኡሙኦክዋራ
ኖቬምበር 6፣ 1983

ደዴ ንዱካ፣

ታላቅ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ሚስትህ ኡሬዲያስ፣ ሕፃኑስ? እኛ ደኅና ነን። ደረቁ ነፋስ ስለጀመረ እማዬ ጉልበቷን እያመማት እንደ ልማዷ ታነክሳለች፤ ከዶሮዎቹም አንዱን ጭልፊት ወስዶብናል። ሰላምታዬን እዚህ ላይ ልቁረጠውና ይቅር በለኝ፤ ዛሬ ቁጭ ብሎ መጻፉ ራሱ ጭንቅ ሆኖብኛል።

እንዳዘዝከኝ ደብዳቤህን ለእማዬ አነበብኩላት። የቅል ፍሬ እየፈለፈለች ነበር። ለገና ኡሬዲያንና ልጁን ይዤ ልምጣ ወይ የምትለው ጋ ስደርስ እጇ ቆመ። "ከላይ ጀምሪ" አለችኝ። ከላይ ጀመርኩ። እዚያው ስደርስ ተነሥታ በሩን ዘጋችው፣ ተመልሳ ከፈተችው፣ ሄዳ ድስቱን አማሰለችው። ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነበር። መልሷን ጠይቀኸኛል፤ መልሷ ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጭ ብድግ ስትል ነው የምትውለው።

በግርግም ስለተወለደው ጌታ የጻፍክላትንም አልዘለልኩትም። ቱግ አለችልህ! "የእኔ ልጅ ነው ወንጌል የሚያስተምረኝ? እሱ ሳይወለድ ጀምሮ የማርያም ማኅበር ሊቀመንበር ነኝ! በይው፣ ጌታ በግርግም ቢወለድም የዳዊት ዘር ነው። ወንጌሉ ራሱ የሚጀምረው በዘር ቆጠራ ነው፤ አባ በገና ዋዜማ ሲያነቡት እግሬ እስኪደነዝዝ ቆሜ ሰምቼዋለሁ!" ቃል በቃል ጽፌልሃለሁ፤ አንድም አልጨመርኩ።

በእውነት "አሁንም ይሄ ነገር አለ ወይ?" ብለህ ስትጠይቀኝ ሳቄ መጣ። እናንተ ጆስ ከተማ ሰውን የሚጠሩት በሥራው ስለሆነ ረስተኸው ይሆናል። የኡሬዲያ ቅድመ አያት፣ ማንም በማያስታውሰው ዘመን፣ ለጣዖት የተሰጠ፣ ማንም የማይጠጋው ሰው ነበር። ኦሱ። ጣዖቱ ከተቃጠለ የሰው ዕድሜ አለፈ፤ ቦታው ላይ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶበት እኛው ተንበርክከን እንቆርብበታለን። ዘሩ ግን እስከ ዛሬ ኦሱ ነው። ከእነሱ ጋር ያገባ፣ ከድስታቸው የበላ፣ ከነቤቱ ከእነሱ ይቆጠራል። አንተ በቤተ ክርስቲያን ስታገባት እማዬ ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ ጆስ ውስጥ የአንድ ሰው ልጅ አገባ" እያለች ነው ያሳለፈችው። የማን ልጅ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም፤ ሁሉም ያውቃላ፤ ከድስቷ እስካልበላን ድረስ ግን እንዳላወቀ ይሆናል።

ስለ እኔ ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ ኤመኒኬ ሽማግሌ ልኳል። ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ወገኖቹ የዘንባባ ጠጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዕድሜዬን አንተ ታውቀዋለህ፣ አደባባይ እንዳታወጣው። ሰውየው ደግ ነው፣ ያስቀኛል፣ አባ የሚባለው ከተማ ውስጥ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። እናቱ ግን ጥላን እንኳ ዘሩን ጠይቀው ነው የሚረግጡት። በል፣ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አድርገህ እንዳታስበው።

እኅትህ ኢሁኦማ


ጆስ
ኖቬምበር 19፣ 1983

እኅት ዓለም ኢሁኦማ፣

እንደምን አለሽልኝ? ሳልዘገይ የምጽፈው ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ወረቀቱን ከመቅደድሽ በፊት ግን እስከ መጨረሻ አንብቢው።

እኔ ለገና አልመጣም። የዳቦ ቤቱን ጌታ ሦስት ጊዜ ለመንኩት፤ በገና ሰሞን ጋጋሪ ፈቃድ ሲጠይቅ ቄስ በፋሲካ ፈቃድ እንደ መጠየቅ ነው አለኝ፤ ሳየው አልተሳሳተም። ኡሬዲያና ልጃችን ኦቢዮማ ግን ይመጣሉ። ብቻቸውን።

የማን አሳብ ነው ብትዪኝ፣ የእሷ ነው። እኔማ "ያለ እኔ እንዴት ተደርጎ?" ብያታለሁ። ምን አለችኝ መሰለሽ? "አንተ ካለህ ወይ ለአንተ ሲሉ ይቀበሉኛል፣ ወይ ለአንተ ሲሉ ይታገሡኛል። እኔን ራሴን ይዩኝ።" እኅቴ፣ ሚስቴን ወደ እሳት ልኬ እኔ ሊጥ ላቦካ ነው፤ አፍሬያለሁ።

ደንባችንን ታውቀዋለች። አዲስ ምራት በመጀመሪያው ገናዋ ራሷ አብስላ ድስቱን ለአማቷ ታቀርባለች፤ አማቷ በዘመድ ፊት ከቀመሰችላት ምራት ናት፣ ካልቀመሰችላት አይደለችም። ኡሬዲያ የምትፈልገው ይህንኑ ነው። አንዲት ማንኪያ። ሌላ ነገር ከማንም አትጠይቅም።

የእማዬ ነገር አናደደኝም፣ አሳቀኝም። የዘር ቆጠራ ከወደደች አንቺው ቀስ ብለሽ አንብቢላት። አባ ኦፓራ ሲያነቡት ዝናብ እንደሚያባርረው ሰው ነው፤ ማን እንደተጠራ ማንም አይሰማም። ሴቶቹ ጋ ስትደርሺ ቁሚ። ራኬብ ኢያሪኮ ውስጥ ገላዋን ሸጣ ትበላ እንደነበር፣ ሩትም ከባዕድ ወገን እንደነበረች እማዬ ታውቀዋለች፤ ታሪኩን ራሷ ነች በልጅነታችን የነገረችን። በዚያ መዝገብ ውስጥ እንዳሉ ግን ልብ ብላው አታውቅም።

ለኤመኒኬ እንኳን ደስ አለህ በይልኝ። ግን "ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አታስብ" ስትዪኝ ማሰብ ጀመርኩ። ግልጡን ንገሪኝ።

ወንድምሽ ንዱካ


ኡሙኦክዋራ
ዲሴምበር 4፣ 1983

ደዴ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ስለ ኤመኒኬ ለጠየቅከኝ፣ ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎሃል። ስለ እሱ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ያልከኝን አደረግሁ። እማዬን ከሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር አስቀምጬ የዘሩን ቆጠራ ቀስ እያልኩ አነበብኩላት። መጀመሪያ ላይ ራሷን እየነቀነቀች "ይኸው! ይኸው! ምን አልኩሽ?" ትላለች፤ የንጉሥ ስም በተጠራ ቁጥር የራሷ አጎት የተጠራ ነው የሚመስላት። ራኬብ ጋ ስደርስ ቆምኩ። "ምነው ቆምሽ?" አለች። "ይቺኛዋ የኢያሪኮዋ ናት" አልኳት። "ሌላ ራኬብ ትሆናለች" አለች። "ያቺው ናት፣ እማዬ። እንግዶቹን ጣራ ላይ የደበቀችው።" ሩት ጋም ቆምኩ። "በቃሽ፣ ቀጥዪ!" ብላ ጮኸችብኝ። ጨረስኩ። "አባ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ቀስ ብለው አላነበቡትም?" አለችኝ፤ እኔ ላይ ተቆጥታ! ማታ ራቷን አልበላችም።

በማግስቱ አጎታችን አሃመፉላ መጡ። ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው አትጠይቀኝ፤ እዚህ አገር ወሬ ከሰው ቀድሞ ነው ቁርስ የሚበላው። ቆብ ሳያወልቁ ተቀመጡ። "ምራትሽ ትምጣ። ሰው ናት፣ ትግባ፣ ትደር፣ ቤተ ክርስቲያንም ትሂድ፤ ማን ከለከላት? ከድስቷ የቀመስሽ ዕለት ግን የእናንተን ሳህን ማንም አይነካውም። እኔም አልነካውም። ሴት ልጅሽን ደግሞ ማን እንደሚወስዳት አንቺው ታውቂያለሽ" አሏት። ይኸው፣ ግልጡን ፈልገህ ነበር፣ ግልጡ ይኸው ነው። የኤመኒኬ እናት ለገና ምሳ እኛ ቤት ናቸው፤ የታጨች ልጅ ቤት አማት የምትጋበዘው በገና ስለሆነ ከተጠሩ ቆይተዋል። ጥሪ አይመለስም።

እማዬ ቀኑን ሙሉ ግቢውን ስትዞር ውላ መላ አመጣች። "እንግዳ አያበስልም!" አለችኝ እየሳቀች። "ከሩቅ አገር፣ ልጅ አዝላ ለመጣች ሴት ማንኪያ ማስያዝ ነውር ነው። ትቀመጥ፣ እኔ አበስልላታለሁ። እጇን አልከለከልኩ፣ ድስቷን አልቀመስኩ፣ ማንም ምንም አይል።" ደስ ብሏት እንደ ልጃገረድ ሆናለች። ለኡሬዲያ ይህን ንገራት፤ እንደ ክብር ትቁጠረው።

ኢሁኦማ


ጆስ
ዲሴምበር 12፣ 1983

ኢሁኦማ፣

አይሆንም። ለኡሬዲያ ነገርኳት፤ አልተቆጣችም፤ ያ ነው የከፋኝ። "እናትህ ብልህ ናት" ብላ ልብሷን ማጠፏን ቀጠለች። ባሏ ቤት እንግዳ ሆና በክብር ተቀምጣ ከምትመለስ በር ቢዘጋባት ይሻላታል። በር የተዘጋበት ሰው ቢያንስ ያንኳኳል።

አንቺን ግን ምን ልበልሽ? ደበቅሽኝ። አንድ ደብዳቤ ሙሉ ስለ ጭልፊትና ስለ ጉልበት ስትጽፊልኝ ትዳርሽ በሚስቴ ድስት ላይ ተንጠልጥሏል። ካነበብኩት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ልቤም ሥራ ላይ የለም፤ ትናንት አንድ ምድጃ ሙሉ ዳቦ አሳርሬ ጌታው የሌለ ስድብ ሰደበኝ።

እማዬን አልጠይቃትም። እሷ ሁለታችንንም ስለወለደች አትመርጥም። አንቺን እጠይቅሻለሁ። የሚነሡት በሚመጣው ሰኞ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ሹፌር በማግስቱ ይመለሳል። ላስቀራት? አንድ ቃል በቂዬ ነው። "አስቀራት" ካልሽኝ ልጁ አተኮሰው ብዬ አስቀራታለሁ፤ ምክንያቱን ከአንቺና ከእኔ ሌላ ማንም አያውቅም፤ ዕድሜ ልኬን አልቀየምሽም። በእናታችን ስም እምልልሻለሁ።

ንዱካ


ኡሙኦክዋራ
ዲሴምበር 15፣ 1983

ደዴ፣

ሹፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ ስለሆነ አላስረዝምም።

በመጀመሪያ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ላይ አይጣልም። አንተ የዳቦ ምድጃ ጀርባ ተደብቀህ "አንቺ ወስኚ" ትለኛለህ? ታላቅ ወንድም ነህ እንዴ? በጣም ተናድጄብሃለሁ፤ ደብዳቤህን አንብቤ ግቢውን ሦስቴ ጠርጌዋለሁ።

ትምጣ።

ሌላ ነገር አትጠይቀኝ። ለልጁ ሹራብ ያዙለት፣ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል።

ኢሁኦማ


ጆስ
ጃንዋሪ 2፣ 1984

ኢሁኦማ፣

ምነው? ምን ሆናችኋል? ገና አለፈ፣ አዲስ ዓመት ገባ፣ ከእናንተ አንድ መስመር የለም። ከኡሬዲያ የመጣልኝ ቁራጭ ወረቀት "ደኅና ነን፣ ልጁ ጥርስ አወጣ፣ ሌላውን እኅትህ ትጽፍልሃለች" ይላል። ይሄ ምን ማለት ነው? እኅቴ ምንድን ነው የምትጽፍልኝ? መኪና በመጣ ቁጥር መናኸሪያ እየሄድኩ ሹፌሮቹ "የዳቦው ሰውዬ መጣ" እያሉ ይስቁብኛል።

ገናን እንዴት አሳለፍክ ብላችሁ እንደማትጠይቁኝ አውቄ ራሴው ልንገራችሁ። ጠዋት ቅዳሴ ሄድኩ። የዚህ ቤተ ክርስቲያን አባ ስለ ግርግሙ ሕፃን ሲሰብኩ እኔ የሰማሁት ነገር የለም፤ በልቤ እናንተ ግቢ ነበርኩ፤ አሁን ድስቱን አወጣች፣ አሁን ተንበረከከች እያልኩ። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ ምግብ አቅርባ "ብላ እንጂ" ስትለኝ ማንኪያውን አይቼ ዕንባዬ መጣ። ሰዎቹ አገሩ ናፍቆት ነው አሉ።

እማዬ ቀመሰች ወይስ አልቀመሰችም? ኤመኒኬስ? ክፉም ቢሆን ንገሪኝ። ዝምታሽን አልቻልኩትም።

ንዱካ


ኡሙኦክዋራ
ጃንዋሪ 8፣ 1984

ደዴ ንዱካ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ። ዝም ስላልኩህ ይቅር በለኝ። ስጀምር ስቀድ ነው የሰነበትኩት። ኡሬዲያንም እንዳትጽፍ የከለከልኳት እኔ ነኝ፤ ግማሹ ነገር የእኔ ስለሆነ በእኔ እጅ ይጻፍ ብዬ ነው።

እንዴት እንደተቀበለቻት ልንገርህ፣ እማዬ ገና ሰላም ሳትላት ልጁን ከጀርባዋ ፈትታ ወሰደችው። አፍንጫው የሟቹ አባባ ነው ብላ ምላለች፤ እኔ አልታየኝም። ከዚያ "ደክሞሻል፣ ተቀመጪ፣ እንግዳ ነሽ" አለቻት። "እሺ እማዬ" ብላ ተቀመጠች። ውሃ ልቅዳ ብትል እንግዳ ነሽ፣ ሳህን ልጠብ ብትል እንግዳ ነሽ። በገና ጠዋት ከሁለተኛው ቅዳሴ ስንመለስ ከማድ ቤት ጭስ ይወጣል። ሚስትህ የመጀመሪያውን አስቀድሳ ተመልሳ ሩዙንም ወጡንም ጨርሳዋለች። እማዬ በሩ ላይ ቆመች። "እንግዳ ነሽ አላልኩሽም?" "ነበርኩ፣ እማዬ። እንግድነቱ ደከመኝ" አለቻት። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ወድጃታለሁ፣ ደዴ። ባልወዳት ይቀለኝ ነበር።

ምሳ ሰዓት አጎታችን አሃመፉላ ለእንግዳ የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ ቆርሰው ጸለዩ፤ ማደሪያ አጥቶ በግርግም ለተወለደው ሕፃን ምስጋና አቀረቡ፣ ረጅም ጸሎት ነው። ኤመኒኬና እናቱ ከፊት ተቀምጠዋል። ኡሬዲያ ድስቱን አመጣች፣ እማዬ ፊት ተንበረከከች፣ ከፈተችው። እማዬ በማንኪያ ጨለፈች፣ ወደ አፏ አቀረበች፣ እጇ አየር ላይ ቀረ።

አጎታችንን የምታይ መስሎኝ ነበር። የምታየው እኔን ነው። ወሩን ሙሉ ስትጠይቀኝ ኖራለች እኮ፤ አልሰማሁም ብዬ ነው እንጂ። ብትቀምሰው ትዳሬ ይፈርሳል፣ ባትቀምሰው አንተን ታጣለች። ሩዙ ከማንኪያው ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እናቴን እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ አንጀቴ አልቻለም። ተነሥቼ ሄድኩና ማንኪያውን ተቀብዬ በላሁት።

እውነቱን ልንገርህ፣ በርበሬ አብዝታበታለች። እንደገና ጨለፍኩና "እንኪ እማዬ" አልኳት። በላች። ድምፅ እያሰማች፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ በላች። ከዚያ ኡሬዲያን በክንዷ ይዛ ከመሬት አነሣቻትና "ምራቴ ናት" አለች።

የኤመኒኬ እናት ተነሡ። "ልጄ፣ እንሂድ" አሉ። ኤመኒኬም ተነሣ። ጫማውን እያየ ወጣ፤ እኔን አላየኝም። አጎታችን ተከተሉ። እንደ ደንቡ ለጎረቤት ሁሉ ሩዝ በሳህን ሸፍነን ላክን፤ ሳህኖቹ እንደተሸፈኑ ተመለሱ። የአባ ኦፓራ ብቻ ባዶውን መጣ፤ ወሬው ሳይደርሳቸው ይሁን ደርሷቸው ይሁን አላውቅም። የተረፈውን ሩዝ አሙቀን ስንበላ ሰንብተናል፤ አሁን ሩዝ ሳይ ያንገፈግፈኛል።

ኤመኒኬስ ላልከኝ፣ ከአዲስ ዓመት በኋላ ሰው ላከብኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እንዳትሰድበው። "ማን እንዳበሰለው አላውቅም ነበር፣ የእናቴ ድስት መስሎኝ ነው ብላ በዘመድ ፊት ትናገር፤ እናቴን እኔ አሳምናለሁ" ብሏል። አሰብኩበት። አላሰብኩም ብዬ አልዋሽህም፤ እወደዋለሁ፣ ሌላ ሽማግሌም እዚህ ቤት እንደማይመጣ አውቀዋለሁ። አንዲት ውሸት ናት፣ ማንንም አትገድልም እያልኩ ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። ከዚያ ውሸቱን ስናገር ኡሬዲያ ከኋላዬ ቆማ እንደምትሰማ ሳስበው አፌ እምቢ አለኝ። ለመልእክተኛው "አውቄ ነው የበላሁት፤ ደግሜም በልቻለሁ በልልኝ" አልኩት። ከሄደ በኋላ ማድ ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ኡሬዲያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

አመሰግናለሁ ብለህ እንዳትጽፍልኝ፣ እንደገና እናደዳለሁ። አንዳንድ ቀን ጥሩ እንዳደረግሁ ይሰማኛል፣ አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ምን በላሁ ብዬ ደረቴን እመታለሁ። ሁለቱንም ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

እማዬ ልጅህን ታቅፋ አናቴ ላይ ቆማ "ጻፊልኝ" እያለች ታቻኩለኛለች። ቃሏ ይኸው፦

"ንዱካ ልጄ፣ ሚስትህን በቶሎ አልመልሳትም፤ የሚያጫውተኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ማኅበሩ ሌላ ሊቀመንበር መርጧል፤ ይምረጡ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እኛ ከምንቀመጥበት አግዳሚ ላይ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሄደ። ያን ሁሉ ዓመት ተጨናንቄ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ነው፤ አሁን እኔ፣ እኅትህ፣ ኡሬዲያና ልጅህ ብቻችንን ነን። እንግዲህ ለፋሲካ ና፣ ቦታ አለልህ።"

እኅትህ ኢሁኦማ